ሐምሌን ወደ ጥር ያዛወርኩ ዕለት

«አንቺ ልጅ፣ አንቺ የምታነቢው የተጻፈውን አይደለም» አሉኝ ጋሽ ሞላ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

ብዙ ነገር ተብዬ አውቃለሁ። እግረ ቀላል ተብያለሁ። ምላሰ ረዥም ተብያለሁ። እናቴማ ባናደድኳት ቁጥር «አንቺን ለመውለድ ምን አስቸኮለኝ» ትላለች። ይህን ሁሉ በአንዱ ጆሮዬ ሰምቼ በሌላው አፈስሰዋለሁ። የጋሽ ሞላን ግን ማፍሰሻ ጆሮ አጣሁለት፤ እውነት ነዋ። ሐሰት የሆነ ስድብ መልስ አለው፤ እውነት የሆነ ስድብ ያለው መሬት መሬት ማየት ብቻ ነው። እኔም ያን ቀን የጎሚስታ ቤቱን መሬት በደንብ አየሁት፤ ሦስት የዛገ ብሎን፣ አንድ ቆርኪ፣ ዘይት የጠጣ አፈር። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ብሎኖቹ ይታዩኛል። ካፈርኩ አይቀር ከነምክንያቱ ልፈር ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ጊዜው ሚሊኒየሙ ሊገባ ነው እየተባለ ሽር ጉድ የሚባልበት፣ መርሳ ከተማ ውስጥ ሞባይል ያለው ሰው በጣት የሚቆጠርበት ዘመን ነው። እኔ አሥረኛ ክፍል ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ዋናው አስፋልት ዳር ካለች አንዲት የጽሕፈት ሥራ ቤት ተቀጥሬ ነበር። ቤቷ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ የመስመር ስልክና እኔ አለን። ኮምፒውተሩ በስልኩ መስመር ኢንተርኔት ይይዛል። ይይዛል ስላችሁ ዓሣ እንደማጥመድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጥላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ አንዳንድ ቀን ይያዛል።

በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ነገር ሁሉ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ይሁን የውኃ ፓምፕ መመሪያ ወይም የዲቪ ፎርም፣ ዞሮ ዞሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚያርፈው። እኔም አላውቅም ማለት አላውቅም። በማትሪክ ጂኦግራፊ ኤ አምጥቻለሁ። የሌላውን ትምህርት አትጠይቁኝ። ይቺን ኤ ግን እንደ አንገት ሐብል አንጠልጥያት ነው የምዞረው፤ ሰው ስለ ዳመና ሲያወራ ከሰማሁ ሳልጠራ እገባለሁ።

ጋሽ ሞላ ከእኛ ቤት ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግኑ ሽማግሌ ናቸው። በጉልምስናቸው አሰብ ድረስ የጭነት መኪና ነድተዋል። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ በዚህ ምድር ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፣ ዘነቡ። ዘነቡ የተባለችው ሐምሌ ውስጥ ስለተወለደች ነው፤ ያን ዕለት ጋሽ ሞላ አዋላጅ ሊጠሩ የሞላ ወንዝ ተሻግረው እስከ አንገታቸው ርሰው ነው የተመለሱት። ይህን ታሪክ ጎማ ሊያስጠግን ቆሞ ያልሰማ ሾፌር በወልድያና በደሴ መካከል የለም።

ዘነቡ ከሄደች ስምንት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ቤሩት ነበረች፤ ከዚያ በየት በየት ዞራ ፈረንጆች የበረዶውን ዓለም በሚጎበኙበት መርከብ ላይ ልብስ አጣቢ ሆነች። ወረቀቷ ስላልተስተካከለ አገሯ ከመጣች መመለስ አትችልም። ካልተመለሰች ደግሞ የስምንት ዓመቱ ልፋት ገደል ገባ። ስለዚህ አባትና ልጅ የሚጠያየቁት በእኔ በኩል ነበር፤ መርከቡ ወደብ ሲነካ መልእክት ትልካለች፣ እኔ አትሜ አነብላቸዋለሁ።

የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ረዥም መልእክት መጣ። አማርኛ ሆኖ በፈረንጅ ፊደል ነው የተጻፈው፤ ሲያነቡት ድንጋያማ መንገድ ላይ ጋሪ እንደመሳፈር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የመርከቡ ባለቤቶች ለእያንዳንዱ ሠራተኛ አንድ ዘመዱን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በነፃ እንዲያሳፍር ፈቅደዋል። አውሮፕላኑንም ቪዛውንም እነሱ ይጨርሳሉ። ከመልእክቱ ጋር ፎርም ተያይዟል፤ ፎርሙ ላይ ሁለት ሳጥን አለ። አንደኛው በጁላይ ወደ ሰሜን ዋልታ፣ ሁለተኛው በጃንዋሪ ወደ ደቡብ ዋልታ።

ጋሽ ሞላ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አጠገቤ ቆመዋል። «መቼ ና ትለኛለች?» አሉ።

ዘነቡ የጻፈችው «በጁላይ ና፣ በሐምሌ ማለት ነው፣ እዚህ ጥሩ ጊዜ ነው፣ ፀሐይ አይጠልቅም» ብላ ነበር። እዚህ ላይ ስደርስ አንጎሌ ቀጥ አለ። ሐምሌ ጥሩ ጊዜ? እናንተ የመርሳን ሐምሌ አታውቁትም። ወንዙ ይሞላል፣ አይሱዙ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ይከርማል፣ ግራና ከተማ ገበያ የሄደ ሰው እዚያው ሁለት ቀን ያድራል። በሐምሌ የሞተ ሰው እንኳን ቀባሪው ሁሉ እየተራገመ ነው የሚሸኘው። እኛ ዘንድ ሠርግም፣ ዘመድ ጥየቃም፣ መንገድም እህል ከገባ በኋላ፣ በጥር ነው። ደግሞስ ፀሐይ አይጠልቅም ማለት ምን ማለት ነው? በሐምሌ ፀሐይ መች ወጥቶ ነው የሚጠልቀው?

ወር ተምታቶባታል አልኩ። ስምንት ዓመት ውጭ የኖረ ሰው የአገሩን ወር ይረሳል፣ ምስኪን። ከዚያ በታች ግማሽ ገጽ ያህል ይቀር ነበር፤ አላነበብኩትም። እኔ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደብዳቤ እስከ ታች አንብቤ አላውቅም። መጽሐፍም እንደዚሁ። ሰውም ሲያወራኝ መሐል ላይ ገብቼ እጨርስለታለሁ።

«በጥር ና አባዬ፣ ፀሐይ ነው ትላለች» አልኳቸው።

ጋሽ ሞላ ሰማዩን አዩት፣ አሰቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥር ደግ ነው። መንገዱም ይደርቃል፣ ጾምም የለበትም። ልጄ ብልህ ናት» አሉ። ብልሃቱ የእኔ መሆኑን መናገር ስላልቻልኩ ትንሽ ቅር አለኝ።

ፎርሙን ሞላሁት። ጃንዋሪ የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ሳደርግ ከጎኑ ደቡብ የሚለውን አይቼዋለሁ፤ አላየሁም አልልም። ግን ደቡብ ሲባል ለእኔ የሚመጣልኝ ሙዝና እንሰት ነው። ዋልታ ያው ዋልታ ነው፣ ሽማግሌ ሰው ደቡቡ ይሻለዋል ብዬ እንዲያውም ደስ አለኝ። ጋሽ ሞላ ፈረሙ። ላክሁት። ከሳምንት በኋላ የመርከቡ ሰዎች «ጃንዋሪ ተመዝግቧል» ብለው መለሱ። ዘነቡም ከአንድ ወደብ «ተስተካከለ ወይ?» ብላ በአጭሩ ጠየቀች። «ሁሉ ነገር ተስተካክሏል» ብዬ ጻፍኩላት፤ ያስተካከልኩት እኔ ነኛ።

ከዚያ በኋላ መርሳ የበረዶ ከተማ ሆነች። ጋሽ ሞላ የአሥራ አንድ ወር ዝግጅት ጀመሩ። ከጎናቸው ግሮሰሪ ያላት እትዬ ብርቄ የቢራ ፍሪጅ አላት፤ ጋሽ ሞላ ጠዋት ጠዋት እጃቸውን እስከ ክርናቸው ፍሪጁ ውስጥ ከተው መቶ ይቆጥራሉ፣ ለብርዱ ልምምድ ነው። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ራሳቸውን አስገቡ። እትዬ ብርቄ ተው ብትላቸው አልሰማ ሲሏት መንገድ ተሻግራ እኔ ዘንድ መጣች፤ ደንበኛ ቢራ ሲያዝ ከቢራው ጋር የሽማግሌ ፊት እየወጣበት ነው፣ ወይ አንቺ መልሻቸው ወይ ፍሪጅ ግዢልኝ አለችኝ።

የመኪና ሸራ ሰፍተው በበግ ቆዳ ገበር አስደረጉና ካፖርት አሠሩ። ካፖርቱ ብቻውን ይቆማል፤ ጥግ ላይ ካቆሙት የገባ ሰው ሁሉ እጅ ይነሣዋል። መርሳ ላይ በሚያዝያ ሙቀት ሊለኩት ለብሰውት ቀበቶው ጠብቆ አልፈታ ቢላቸው ውኃ እየደፋንባቸው በጎማ መንቀያ ነው ያወጣናቸው። አልበቃቸውም፤ ደጋ ወጥቼ ብርድ ልልመድ ብለው ከወልድያ በላይ ድልብ ወጥተው አንድ ቀን ውለው በጉንፋን ሳምንት ተኙ። ሾፌሮች ተሰብስበው መርከቡ በረዶ ላይ ሲወጣ በጎማ ነው በሰንሰለት ነው የሚሄደው ብለው ተከራከሩና እኔን ጠየቁኝ። በሰንሰለት ነው አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ጋሽ ሞላ ግን ሰንሰለት ጎማ ይበላል ብለው በጣም አዘኑ።

እኔም ያን ሰሞን የከተማው አማካሪ ሆንኩ። ሰው መንገድ ሲሄድ፣ ዘር ሲዘራ፣ በርበሬ ሲያሰጣ ይጠይቀኛል። ሲሪንቃ እርሻ ምርምር ዝናብ የሚለኩት ሰዎች እንኳን እንዲህ አልተከበሩም። ዝናብ አይመጣም ባልኩበት ቀን ስንት በርበሬ እንደበሰበሰ ይለፈኝ።

ግንቦት ላይ ለሱቁ ወረቀት ልገዛ ወልድያ ሄድኩ። መናኸሪያው ዳር የድሮ የጂኦግራፊ መምህሬን አገኘሁት። ሰላምታውን እንኳን ሳልጨርስ አንድ የመርሳ ሽማግሌ በጃንዋሪ ልጃቸውን እንዲያዩ ወደ ዋልታ እየላክሁ መሆኔን ነገርኩት፤ ክፍል ውስጥ እጅ እንደማውጣት ነው። ልጃቸው የት እንዳለች ጠየቀኝ። የሰሜኑ መርከብ ላይ አልኩት። ከአጠገባችን ከነበረች ሻጭ አንድ ብርቱካን አነሣ፣ አዘመመው፣ ቡጢውን ፀሐይ አድርጎ ዙሪያውን አዞረው።

«ያን ኤ ከማን ኮርጀሽ ነው?» አለኝ።

አልኮረጅኩም። ሸምድጄው ነው። ምድር ዘመም ብላ ነው የምትዞረው፣ ሰሜኑ ወደ ፀሐይ ሲያዘነብል ደቡቡ ይሸሻል፣ የሰሜን ዋልታ ብርሃን ሐምሌ ላይ፣ የደቡቡ ጥር ላይ፤ ይሄን ሁሉ በቃሌ ወጥቼዋለሁ። ለፈተና እንጂ ለሰው ይሆናል ብሎ የነገረኝ የለም። መምህሬ በጥር መርከቡ ከዓለም ወዲያኛው ጫፍ እንደሚሆን ነገረኝ። «የእኛን ሰማይ አይተሽ የእነሱን ቀን ቆረጥሽላቸው» አለና ብርቱካኑን እጄ ላይ አኖረው። እስከ መርሳ ድረስ ይዤው መጣሁ፤ አልበላሁትም፣ አልጣልኩትም።

እንደደረስኩ መልእክቱን አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ ታች አነበብኩት። ምን እንደሚል ጊዜው ሲደርስ ትሰሙታላችሁ። አሁን የምነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የዘነቡ ሥራ መስከረም ላይ ያልቃል። ጥር ላይ አባቷ በነፃ ቲኬታቸው፣ በበግ ቆዳ ካፖርታቸው፣ የዓለም ጫፍ ድረስ ሄደው ከማያውቁት ፈረንጅ ጋር በረዶ ሊያዩ ነው።

ለመርከቡ ሰዎች ጻፍኩ። ተስፋ አላስቆረጡኝም፤ እስከ ሰኔ ማብቂያ መንገደኛው ራሱ አዲስ ፎርም ላይ ከፈረመ ወደ ጁላይ ይዛወራል አሉ። ፊርማ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። መንገድ መሻገር ብቻ ነው። ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ለመፈረም ግን ለምን ብለው ይጠይቃሉ። ለምን ካሉ ያኔ ያነበብኩላቸው ያልተጻፈ እንደነበር መናገር አለብኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲሉ ሰምቻለሁ፤ መድኃኒቱን በእጁ ይዞ በሽታውን ስለሚደብቅ ሰው ግን የተተረተ አልሰማሁም።

ባዶ እጄን መሄድ ስለከበደኝ የጎረቤታችንን ብስክሌት ተውሼ ሄድኩ። ፎርሙ ብብቴ ሥር ነው። ጋሽ ሞላ የውስጥ ጎማውን አውጥተው፣ ነፍተው፣ የውኃ ሳፋ ውስጥ ነከሩት። ቀዳዳ ያለበት በኩል አረፋ ይወጣል፤ አረፋው የወጣበትን ይዘው ይጠግናሉ። «ጎማ ደግ ነው» አሉኝ፣ «ውኃ ውስጥ ሲገባ የተበሳበትን ራሱ ይናገራል»። ጠገኑልኝ። ከልጄ ጋር በጥር የምታገናኚኝ አንቺ ነሽ ብለው ክፍያ እንኳን አልተቀበሉኝም። ፎርሙን እንደያዝኩ ተመለስኩ።

በሳምንቱ እንደገና ሄድኩ። ጎማው ደህና ስለነበረ በሚስማር የበሳሁት እኔ ራሴ ነኝ። ሳፋው ውስጥ ነከሩት፣ አረፋው ወጣ፣ ጣታቸውን አሳርፈው ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ። መንገድ የበሳው ቀዳዳና እጅ የበሳው ቀዳዳ ይለያያሉ፣ ይህንን ሰው ነው የበሳው አሉ። አንድ ክፉ ጎረቤት ይኖርሻል ተጠንቀቂ ብለው መከሩኝ። ላቡ ከግንባሬ ሳፋው ውስጥ ጠብ አለ። እትዬ ብርቄ በራፏ ላይ ቆማ፣ «ይቺ ልጅ ጎማውን ነው ሽማግሌውን ነው የወደደችው?» ብላ ሾፌሮቹን ጠየቀች። በዚያ ሳቅ ውስጥ እውነት አይነገርም ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁና ተመለስኩ።

ለሦስተኛ ጊዜ የሄድኩት የሰኔ መጨረሻው ቀን ነው። ጎማውን ብቻ ነቅዬ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ሞላ የሉም፤ ስለት ነበረባቸው፣ ገብርኤልን ሊሳለሙ ሄደዋል አሉኝ። በልጃቸው የተሳሉት መሆኑን ነገረችኝ እትዬ ብርቄ፣ እሷም ሳትቀልድ። ጎማውን ግድግዳው ላይ አስደግፌው መጣሁ። ያን ዕለት ሳይገኙ በመቅረታቸው እፎይ አልኩ። ይህንን ስጽፍ ነው ከሁሉ ይልቅ ፊቴ የሚቃጠለው።

ሐምሌ ገባ። ዝናቡ እንደ ልማዱ አልቆመም፤ ወንዙ ሞላ፣ አስፋልቱ በጭቃ ተሸፈነ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ስልኩ ጮኸ። አነሣሁት። ነፋስ ይሰማል፣ ከነፋሱ ውስጥ ደግሞ የሴት ድምፅ።

«አባዬ የት ደረሰ?» አለች ዘነቡ።

ደህና ናቸው አልኳት።

«ወደቡ ላይ ቆሜያለሁ። ስሙን በካርቶን ጽፌ ይዣለሁ። ዝርዝሩ ላይ የለም ሲሉኝ የፊደል ስህተት ነው ብያቸው ነበር። የመጨረሻው አውቶብስም አራገፈ፣ እሱ የለበትም። መርከቡ ሊነሣ ነው። አውሮፕላን ጣቢያ ቀርቶ ይሆን?»

«ጎማ እየጠገኑ ነው» አልኳት።

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ተቋረጠ ስላችሁ፣ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ወዲያው እንደገና ጮኸ። ድምፁ እንዳይሰማኝ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን አስነሣሁትና ባዶ ወረቀት ኮፒ ማድረግ ጀመርኩ። ማሽኑ ባዶ ወረቀት ተቀብሎ ባዶ ወረቀት ይሰጠኛል። አሥራ ስምንተኛው ላይ ስልኩ ዝም አለ።

የየካቲቱን መልእክት ከመሳቢያ አውጥቼ መንገዱን ተሻገርኩ። ሃያ እርምጃ አይሞላም ብያችኋለሁ፤ ያን ቀን ግን ጭቃው ጫማዬን ስላስቀረው በአንድ እግር ጫማ ነው የደረስኩት። ጋሽ ሞላ ሳፋው ላይ አጎንብሰዋል። ካፖርቱ ጥግ ላይ ቆሟል። ሳልቀመጥ፣ ሳልተነፍስ፣ በጥር ና ካልኩት ጀምሬ እስከ ካርቶኑ ድረስ ነገርኳቸው። ስለ ሚስማሩም ነገርኳቸው፤ ስልኩን የዘጋሁትም እኔ መሆኔን።

እጃቸው ውኃው ውስጥ እንዳለ ቆየ።

«ተመልሶ ይደወልላት ይሆን?» አሉ።

«መርከቡ ተነሥቷል ጋሽ ሞላ።»

ያኔ ነው መጀመሪያ የነገርኳችሁን ያሉኝ። አንቺ የምታነቢው የተጻፈውን አይደለም። ቁጣ አልነበረበትም። ጎማ አይተው ቀዳዳውን እንደሚያሳዩ ነው ያሉት። ከዚያ እጃቸውን በጨርቁ ጠረጉና በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«አሁን የተጻፈውን አንብቢልኝ» አሉ። «እንዳለ። እንዳትጨምሪ።»

አነበብኩ። «አባዬ፣ በጁላይ ና፣ በሐምሌ ማለት ነው፣ እዚህ ጥሩ ጊዜ ነው፣ ፀሐይ አይጠልቅም። ሐምሌ ስልህ ዝናብ ነው ብለህ እንዳትፈራ። እኔ ስወለድ አንተን ያራሰህ ዝናብ እዚህ የለም፤ ሌሊቱ እንኳን ቀን ነው። ሥራዬ መስከረም ላይ ያልቃል፣ ከዚያ ወዲያ መርከቡ ወደ ዓለም ማዶ ይሄዳል፣ እኔ አልኖርበትም። ልብስ አታብዛ፣ ካፖርት እኔ ገዝቼልሃለሁ። ቁመትህን አልረሳሁትም። ወደብ ላይ ስትወርድ ግራ እንዳይገባህ ስምህን በካርቶን ጽፌ እቆማለሁ።»

ጨረስኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። እትዬ ብርቄ በራፉ ላይ ቆማ ኖሯል፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተመለሰች።

ጋሽ ሞላ ወረቀቱን ከእጄ ተቀበሉኝ። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር፣ እስከ መጨረሻው አዩት። አጠፉት፣ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄደው የሰኔውን የብስክሌት ጎማ አመጡልኝ። ተጠግኗል፣ ተነፍቷል።

«ጎማሽን ውሰጂ» አሉኝ።

ጎማዬን ተሸክሜ ዝናቡ ውስጥ ወጣሁ።